የሲምቦ ተራ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ። ከስንት ቀን በኋላ። ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ፣ በርሜሉንም። ሲምቦ ጆሮዋን በርሜሉ ላይ ለጥፋ ቆየች። ውሃው እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይለዋወጣል መሰለኝ... ፊቷ ፈካ አለ። እኔ ስጠራት ግን ዞር አትልም። ሲምቦ... ሲምቦዬ... ምንም። በርሜሉን ትሰማለች፣ እኔን አትሰማም። እንዴት ያለ ነገር ነው ይሄ?

አራት ዓመት ሞላት። አንድ ቃል የለም። ሲርባት እጄን ይዛ ትጎትተኝና ፍሪጁ እጀታ ላይ ታስቀምጠዋለች። ፊቴን ሳታይ። እጄን ብቻ ነው የምትፈልገው።

ከሰዓት ልብስ አጠብኩ። አባቷ ሂርጳ ቂሊንጦ ፋብሪካ አድሮ ስለመጣ ሲተኛ ዋለ። ምስር ሠራሁ። ሌላ ምንም የለም።

የሆስፒታሉን የቀጠሮ ካርድ ዛሬም አውጥቼ አየሁት። ለከርሞ ሚያዝያ። ዘንድሮ አይደለም፣ ከርሞ። ባየው ባየው አይቀየር...

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ክፍል አለው። ርዕሰ መምህሯ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። "ሐኪም ኦቲዝም ነው ብሎ የጻፈበት ካላመጣሽ እዚያ ክፍል ላስገባት አልችልም። መደበኛው ክፍል ደግሞ ሞክረናት አይተሻል።" ክፉ ሴት አይደለችም። ደንቡ ነው።

ለሂርጳ ነገርኩት።

"ኦቲዝም ምናምን እያላችሁ ልጄ ላይ ስም አትለጥፉ" አለኝ። "አጎቴ እስከ ስድስት ዓመቱ አልተናገረም። ዛሬ ማን ያስቆመዋል?"

"አጎትህ ስሙ ሲጠራ ዞር ይል ነበር?"

ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ይዟት ወጥቶ አያውቅም። ሱቅ ድረስ እንኳ። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። መልሱን ስለማውቀው ይሆን?

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ



የብሎካችን ኮሚቴ የጥበቃ መዋጮ ሊሰበስብ መጣ። ከፈልኩ፣ ሄደ። ወጥ እያረረብኝ ስለነበር ወደ ማድቤት ሮጥኩ... ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሲምቦ የለችም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ባዶ እግሬን። እትዬ በላይነሽ ምድር ቤት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። "ሲምቦን አይተዋታል?" አልኳቸው። ሳይመልሱልኝ ተነሥተው ተከተሉኝ። እሳቸው በሱቆቹ በኩል፣ እኔ ወደ ዋናው መንገድ። እየሮጥኩ ስሟን እጣራለሁ። ስሟን መጥራት ምን ይረባል? አትዞርም... ግን ሌላ ምን ይደረጋል።

መንገዱ ዳር ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ አገኘኋት። አንዱ መኪና ሞተሩን አስነሥቷል። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሁለት እጇን ጎማው ላይ አድርጋ ነበር አሉ። ንዝረቱን ስታዳምጥ። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ አያያትም። በቆሎ የምትጠብስ ሴት ናት ምድጃዋን ትታ ሮጣ በቀሚሷ የጎተተቻት። እኔ ስደርስ ሲምቦ እየጮኸች ሴትዮዋን ትነክሳለች። ሴትዮዋ አልለቀቀቻትም።

"እናቷ ነሽ? ስንቴ ጠራኋት። ጆሮዋ አይሰማም እንዴ?"

"አላውቅም" አልኳት።

እውነቴን ነው። አላውቅም። ማንም አልነገረኝም።

ሂርጳ ሲመጣ ነገርኩት። መሰርሰሪያ ተውሶ መጣና በሩ ላይ፣ እሷ የማትደርስበት ቦታ፣ መቀርቀሪያ መታ። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው። ሥራው ካለቀም በኋላ ፊቱን ሳያዞር ብዙ ቆመ። ያለቅስ ነበር?

ለከርሞ ሚያዝያ ማን ያደርሳታል...

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ልለምን ሄድኩ። ሲምቦን ለእትዬ በላይነሽ ትቼ። የልጆች እድገት ክትትል ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፣ የሚያየውም አንድ ሐኪም ነው። ዶክተር ጌዲዮን።

ኮሪደሩ በሰው ይጨናነቃል ብዬ ነበር። ወንበሮቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ። ዶክተሩ ብቅ ይላል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። ግራ ገባኝ። ዓመት ከመንፈቅ የሚያስጠብቅ ቦታ እንዲህ ነው የሚመስለው?

ቀጠሮ የምትሰጠዋን ነርስ ጠየቅኳት። ሲስተር ሐናን ትባላለች።

"ዛሬ ሰው የለም እንዴ?"

"አልመጡም" አለችኝ። "ቀጠሮ የያዙት አምና ነው። ቤት ይቀይራሉ፣ ስልክ ይቀይራሉ... ተስፋ የሚቆርጥም አለ።"

"ቀድሞ የሚደውልላቸው የለም?"

ክፍሉን አሳየችኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ የካርድ ክምር፣ ቀጠሮ ለመያዝ በር ላይ የተሰለፈ ሰው። "በየትኛው እጄ?"

"እንግዲያው ዛሬ የእኔን ልጅ አስገቢልኝ። ሄጄ ላምጣት።"

አየችኝ። ረጅም አስተያየት። "አንቺን ካስገባሁ ከፊትሽ ያሉትን እናቶች ምን ልበላቸው?"

ተናደድኩባት። ታክሲ ውስጥ ግን ሳስበው... ምን ትበላቸው?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ከሐሙስ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ባዶ ወንበር አለ። የሚጠብቅ ልጅ አለ። መሃል ላይ የጎደለው ስልክ የሚደውል ሰው ነው።

ለሂርጳ "ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ልደውልላቸው ነው" አልኩት።

"ሥራ ፈትተሽ ነው?"

"ፈትቼ ነው።"

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሱም ትንሽ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ዛሬ ሄጄ ዶክተሩን አነጋገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። የሆስፒታሉን ፈቃድ ሊጠይቅልኝ ቃል ገባ። ስምና ስልክ ብቻ እንደማይ፣ የምሰማውን ውጭ እንዳላወራ ነገረኝ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

"አንድ ነገር አለ። ቦታ ሲከፈት በተራ ነው። የራስሽን ልጅ ተራ አትነኪም።"

"አልነካም" አልኩ። ቶሎ አልኩት። ሳላስብበት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ፈቃዱ ደረሰና የመጀመሪያ ቀኔ ሆነ። እትዬ በላይነሽ "ሐሙስን ለእኔ ተዪው፣ እኔና እሷ ተግባብተናል" አሉኝ። እንዴት እንደተግባቡ እንጃ። የሳቸው ቤት ሬዲዮ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም... ጸጥታው ሳይሆን አይቀርም።

ጠዋቱን ሙሉ ደወልኩ።

አንዷ፣ "ስልኬን ማን ሰጠሽ?"

አንዱ፣ "ተሳስተሻል። ይህን ሲም ካርድ ከገዛሁት ቆየሁ።"

አንድ አባት፣ "የምን ሐኪም? ልጄ ደህና ነው።" ጠረቀመብኝ። የሂርጳን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

አንዲት ሴት ደግሞ... ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ። "በክረምት ወንዝ ወሰደብን" አለችኝ። ልጃቸው በር ከፍቶ ወጥቶባቸው ነው። "እግዜር ያጽናሽ" አልኩ። "ስላስታወሳችሁት እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። አመሰገነችኝ። ስልኩን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ። ልትዘልቂው ነው ዳሲቱ? አልኩ ለራሴ።

ተመልሼ ደወልኩ።

"የእኔ ቀጠሮ እኮ ለሐምሌ ነው" አለችኝ አንዷ።

"አውቃለሁ። ለሚመጣው ሐሙስ ቦታ ተከፍቷል።"

የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። "በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ" አለች።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

መጣች። ሌሎቹም መጡ። ባዶ ወንበር አልነበረም። ዶክተሩ ምሳ አልበላም።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ወረፋው እየቀለለ ነው። ሐናን ዛሬ ካርዶቹን እያገላበጠች "የክረምቱን ልጆች በታኅሣሥ እያየን ነው" አለች። እንደማታምን ሰው ነው የምታወራው።

ዶክተሩ አንድ ነገር ጨመረ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ሐሙስ ሐሙስ አንድ ቦታ ለብቻ ይያዛል። ትንንሾቹ በዘገዩ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል ብሎ ነው። ሲምቦ አራት ዓመቷ ነው... ስለዚህ ተራዋ ቀረብ አለ ማለት ነው። አልጠየቅኩም። ሐናን ናት የነገረችኝ።

ቤት ግን ነገሩ ከፍቷል። ሲምቦ እጇን ትነክሳለች። አውራ ጣቷ ሥር ቆዳው ጠቁሯል። እንቅልፏም ተዛብቷል። ሂርጳ "ለሰው ልጅ ስትደውዪ የራስሽ እጇን በላች" አለኝ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሯ ራሷ ደወለችልኝ። ከልዩ ፍላጎት ክፍሉ አንድ ልጅ ለቆ ቦታ ተገኝቷል። ለሁለተኛው ሴሚስተር። "የሐኪሙን ወረቀት እስከ ጥር መጨረሻ አምጪልኝ። ከዚያ በላይ መያዝ አልችልም፣ ሌሎችም ጠይቀውኛል።"

ጥር። ዛሬ ሂርጳ እንኳ አልተከራከረም። "ይደርሳል?" ብቻ ነው ያለኝ። የመኪናው ነገር ከሆነ ወዲህ አጎቱን አያነሣም።

"እንጃ" አልኩት።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ምን ላድርግ?

ከዛሬ ሳምንት፣ ጥር 15፣ ለትንንሾቹ የተያዘው ቦታ ተከፈተ። ቤተሰቡ አንመጣም ብለው። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ የለም፤ ክፍለ ሀገር ላሉ ሐኪሞች ሥልጠና ሊሰጥ ይሄዳል፣ የሚመለሰው በየካቲት ነው። ስለዚህ ያቺ ቦታ የመጨረሻዋ ናት።

ተረኛው ሀይረዲን የሚባል ልጅ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሲምቦ።

የእናትየው ስልክ ዝግ ነው። ጠዋት ደወልኩ፣ ዝግ። ምሳ ሰዓት፣ ዝግ። ልንወጣ ስንል፣ ዝግ። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተገኘ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ደንቡ ይሄ ነው።

ሐናን እስክሪብቶዋን አነሣች። "የሲምቦን ልጻፍ?"

አፌ ላይ ነበር። ጻፊው ልላት...

"ሌላ ስልክ የላትም?" አልኩ።

ሐናን ካርዱን አየች። "የለም። አድራሻ ብቻ ነው ያለው። ገላን ኮንዶሚኒየም።" ብሎኩን አነበበችልኝ።

ገላን። ከእኛ ሰፈር ምን ያህል ይርቃል? አንድ ታክሲ።

"እስከ ሰኞ ቆይልኝ" አልኳት። ሐናን አየችኝ። ያን የፊቱን አስተያየቷን። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ለምን አልኩ? ምን ነካኝ?

ጥር 9፣ ዓርብ

ለሂርጳ መናገር አልነበረብኝም። ነገርኩት።

"ስንቴ ደወልሽ?"

"ሦስቴ።"

"ደንቡስ?"

"ሦስቴ።"

"ታዲያ ምን ቀረሽ?"

"ቤቷ ገላን ነው ሂርጳ። እዚህ ነው።"

"ቤት ለቤት እየሄድሽ ፈልጊ ያለሽ አለ?"

የለም። ማንም አላለኝም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከመጮኹ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

"መኪና ጎማ ሥር የተገኘችው የማን ልጅ ናት?"

ሲምቦ አጠገባችን የመጋረጃውን ጫፍ እያሸተተች ነው። ስለሷ እንደምናወራ ታውቅ ይሆን?

"እንዳትሄጂ" አለኝ። "ለምኜሻለሁ።"

ለምኖኝ አያውቅም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ከተራ። ታቦቱ በሰፈራችን አለፈ። ድምፅ ማጉያው፣ እልልታው፣ ከበሮው... ሲምቦ አልጋ ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ ተንቀጠቀጠች። ሂርጳ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደላት። አልያዘችውም። እሱም እጁን አልመለሰም። ሰልፉ አልፎ እስኪርቅ ድረስ እንደዚያው።

እንዲህ ባየው ጊዜ... አልሄድም አልኩ። የእኔም ልጅ ልጅ ናት። ደንቡን አልጣስኩም።

ጥር 11፣ እሑድ

አልሄድኩም። በዓል ነው አልኩ። መንገድ ዝግ ነው አልኩ። ዶሮው እጄ ላይ ጨው በዛበት። ያቺ ዝቅ ያለ ድምፅ ያላት ሴት ትዝ ትለኛለች። "በክረምት ወንዝ ወሰደብን።" እሷንስ ያኔ ቤቷ ድረስ ሄዶ የፈለጋት ሰው ቢኖር?

ጥር 12፣ ሰኞ

ሄድኩ።

የሚካኤል ታቦት ገና ስላልገባ ታክሲ የለም። አብዛኛውን በእግሬ ነው። ብሎኩን ጠይቄ አገኘሁት። ጥበቃው ስሙን ገና ስጠራ "ያ የሚጮኸው ልጅ?" አለኝ። ወደ ላይ አመለከተኝ። መጨረሻ ፎቅ።

አንኳኳሁ። ብዙ ቆይቶ አንዲት ሴት በሩን ጠበብ አድርጋ ከፈተች። ሻርፕ ጣል አድርጋለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እኔ አፌን ሳልከፍት፣

"እያረጋጋሁት ነው። አሁን ይተዋል" አለችኝ።

ገባኝ። በሯን የሚያንኳኳ ሰው ለአቤቱታ ብቻ ነው የሚመጣው።

"ለጩኸቱ አይደለም የመጣሁት" አልኳት። "ፊርዶስ ነሽ? ከሆስፒታል ነው።"

ከውስጥ ድው... ድው... የሚል ድምፅ ይሰማል። ተከትያት ገባሁ። ሀይረዲን ጥግ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ይመታል። ራሱ ላይ ወፈር ያለ ጨርቅ ጠምጥማለታለች። ግድግዳው ላይም ትራስ ሰፍታለች። ልጁ ትራሱን እየሸሸ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ነው የሚመታው።

ስልኳ ታክሲ ውስጥ ተሰርቋል። ባሏ ከሄደ ቆየ። "ልጁ ካልጠፋ እኔ እጠፋለሁ አለ፣ ጠፋ" አለችኝ፤ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ። ከቤት የምትወጣው እህቷ እሑድ እሑድ ስትመጣ ብቻ ነው።

"ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ያየዋል" አልኳት።

"የእኔ ቀጠሮ ገና ነው። ለዘንድሮ አይደለም።"

"ቦታ ተከፍቷል።"

ትንሽ አሰበች። "የማን ቦታ ነው?"

"የእናንተ ነው" አልኳት።

ስመለስ ሂርጳ በሩ ላይ ነበር። ፊቴን አይቶ አወቀ። አልጮኸም። እራት አልበላም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ፊርዶስ ልጁን አዝላ መጣች። ለዕድሜው ትልቅ ልጅ ነው፣ እግሩ ጉልበቷ ድረስ ይወርዳል። ኮሪደሩን በጩኸት ሞላው። ማንም አልገላመጣትም። ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙ ቆዩ። ዶክተሩ ወጥቶ የጆሮ ሐኪም አስጠራ። ተያይዘው ገቡ። ፊርዶስ ስትወጣ ግድግዳውን ይዛ ነው።

ኦቲዝም አለበት። ግን የጭንቅላቱ ነገር... ሁለቱም ጆሮው ውስጥ መግል ሞልቷል። ማን ያውቃል ከስንት ጊዜ ጀምሮ። ሥቃዩን መናገር አይችልም፣ ስለዚህ ከግድግዳ ጋር ይመታዋል።

"አመል ነው ይሉኝ ነበር" አለችኝ ፊርዶስ። "ሁሉም አመል ነው አሉኝ።"

ዶክተሩ ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ሲያገኘኝ ቆመ። እጁን ኪሱ ከቶ። "ቀጠሮው እስኪደርስ ቢቆይ ጆሮውን ያጣ ነበር። አልፎም ወደ አንጎል..." አልጨረሰውም። ከዚያ፣ "ከእንግዲህ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ ጆሮውን እየታየ ይጠብቅ። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። እንደዚህ ዝም ብሎ መጠበቅ የለም" አለ። የተናደደ ይመስላል። በማን እንደሆነ እንጃ።

ቤት ስገባ ለሂርጳ ስለ ሀይረዲን አልነገርኩትም። የሰው ምስጢር ነው። ቢፈቀድልኝስ... ራሴን ነፃ ለማውጣት አይመስልብኝም?

ጥር 30፣ ዓርብ

ርዕሰ መምህሯ ደወለች። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች። ይቅርታው የሷ አይደለም።

ሂርጳ ሰምቷል። ስልኩን ስዘጋው ሲምቦን አቅፎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እየታገለችው።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። ለሰው ልጅ ጆሮ የልጄን ትምህርት ሰጠሁ። ተሳስቻለሁ ማለት አልችልም። ልክ ነኝ ለማለትም አፌ አይከፈትም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዶክተሩ ተመለሰ። ተራው የሲምቦ ነው። የእውነት ተራዋ።

ሂርጳ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሮን መጣ። እንዲመጣ አልጠየቅኩትም።

ኮሪደሩ ላይ ፊርዶስን አገኘናት፤ ለክትትል መጥታ። ሀይረዲን ራሱ ላይ ጨርቅ የለም። መሬት ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያስራል። አይመታም። ፊርዶስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ከዚያ ወደ ሂርጳ ዞረች።

"ባለቤቷ ነህ? በበዓል ቀን በእግሯ ቤቴ ድረስ መጣች። ልጄ በጆሮ ሕመም ራሱን ሊገድል ምን ቀርቶት ነበር መሰለህ? ሐኪሙ ነው የነገረኝ።" ልጁን እያየች፣ "አሁን እኮ ይተኛል። እኔም ተኛሁ።"

የማን ቦታ እንደነበር አታውቅም። ሂርጳ ያውቃል። ልጁን ቁልቁል አየው። ብዙ አየው።

ስማችን ተጠራ። ሲምቦን እሱ አቀፋት። ገባን።

ዶክተሩ ብዙ ጠየቀ፣ ብዙ አየ። አሻንጉሊት ሰጣት፣ ፊኛ ነፋላት፣ ከጀርባዋ አጨበጨበ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሂርጳ አዞረ።

"አባቷ፣ ስትጠራት ትዞራለች?"

አንዳንዴ ትዞራለች ሊለው ነው አልኩ። ለእናቱ የሚለው እንደዚያ ነው፣ ለጎረቤት የሚለው እንደዚያ ነው።

"አትዞርም" አለ። "እኔንም አትዞርልኝም።"

እጁን ፈልጌ ያዝኩት። ያዘኝ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

የመስማት ምርመራዋ ደህና ነው። ትሰማለች። ኦቲዝም ነው። ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ማኅተም አስመታበት። እንደማለቅስ ነበር የማስበው። አላለቀስኩም። የንግግር ልምምድ ሐሙስ ሐሙስ ትጀምራለች። በቤት ምን ማድረግ እንዳለብን አሳየን፤ ፊት ለፊቷ ዝቅ ማለት፣ በአጭሩ መናገር፣ መጠበቅ። ዛሬ ሂርጳ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። "ውሃ" ይላታል፣ ይጠብቃል። "ውሃ"... ይጠብቃል።

ትምህርት ቤቱ ለመስከረም መዝግቧታል።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዛሬ አንዲት እናት ሐናን ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። ሐናን ካርዱን ጽፋ ሰጠቻት። ሴትየዋ ቀኑን አይታ "ሰኔ... የትኛው ሰኔ?" አለች። የሚመጣው ሰኔ። የዘንድሮው። ሐናን አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

አሁን የምንደውለው ሦስት ሰዎች ነን። ፊርዶስም አንዷ ናት። በሯን በሚያንኳኩ ጎረቤቶች ብዙ ስለተሰደበች መሰለኝ፣ ቢዘጉባትም አትደነግጥም፤ መልሳ ትደውላለች።

ከልምምዱ በኋላ ሂርጳ፣ እኔና ሲምቦ በታክሲ ተመለስን። ታክሲው ሞልቷል። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፣ ከኋላ ጥሩምባ፣ ከፊት ሬዲዮው ከፍ ተደርጎ... ሲምቦ ጀመራት። ጆሮዋን ይዛ የምትጮኸው ጩኸት። እጇን ልትነክስ ስትል ያዝኩባት። ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላ አንዱ "ምናለ ልጅ መቅጣት ቢለመድ" አለ። ሌላው አጉረመረመ። እኔ ወራጅ አለ ልል ነበር። መውረድ ለምጃለሁ።

ሂርጳ ከመቀመጫው ከፍ አለ። ጣሪያው አንገቱን አስጎንብሶታል። ጆሮው ቀልቷል።

"ልጄ ናት" አለ። "ሲምቦ ትባላለች። ኦቲዝም አለባት። ድምፅ ሲበዛባት ያማታል፣ ማማረር ስለማትችል ነው የምትጮኸው። ትንሽ ታገሡን።"

ሂርጳ ተቀመጠ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየን፣ እጁን ሰደደና ሬዲዮውን አጠፋው።

እስከ ቱሉ ዲምቱ መልሶ አልከፈተውም።